ደስ ስለሚለኝ ነው የምሄደው

ሞንትሪያል፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1983

ለተከበሩ አክስቴ ለፒናመን፣

ሰላምታዬ ከፖስታው አውሮፕላን ቀድሞ ይግባልዎ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥፍ እውልና ማታ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ትናንት እዚህ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ለምሳ ስንወጣ ጭቃ ሆኖ ጠበቀን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት የመንደሩ ክሊኒክ ነርስ ሥራ ቦታዬ ድረስ ደወለችልኝ። በሴፕቴምበር ከጀልባ ሲወርዱ ወድቀው ጉልበትዎ ማበጡን የሰማሁት ከእርሷ ነው። ከእርስዎ መስማት ነበረብኝ። ይባስ ብላ ደግሞ በፌብሩዋሪ ከወዳጅዎ ከአኒሸን ጋር ሁለታችሁ ብቻ፣ ያን በጠፍር የተጠለፈ ሰፊ የበረዶ ጫማ አድርጋችሁ በእግር ወደ ረጅሙ ሐይቅ ልትወጡና እዚያ ድንኳን ተክላችሁ ልትከርሙ መሆኑን ነገረችኝ። አክስቴ፣ እርስዎ ስልሳ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው። አኒሸን ሰባ ሁለት ናት፤ አንዱ ዓይኗም አያይላትም። የአምስት ቀን መንገድ! ያውም ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት ብርድ!

እባክዎ ይቅርብዎ። እኔ ዘንድ ይምጡ። ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል፣ ማሞቂያው ግድግዳው ውስጥ ስለሆነ እንጨት መፍለጥ የለም። የጉልበት ሐኪምም አነጋግሬያለሁ። ከዚህ ጋር ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ፤ ለቤት ውስጥ ነው።

የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ። በክሊኒኩ ስልክ ማውራት እንደማይወዱ አውቃለሁ።

የምትወድዎት የወንድምዎ ልጅ፣
ማቲነን


ከመንደራችን፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1983

ለወንድሜ ለሹሼፕ ልጅ፣ ለማቲነን፣

ምድጃሽ አይጥፋ፣ እንግዳሽ አይጉደል፣ ጤናሽ ይሰንብት። ደብዳቤሽ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ውሽንፍሩ አውሮፕላኑን አግቶት ነው። ካልሲው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። ለቤት ውስጥ ነው ያልሽው ግን አይሆንም፤ በአጋዘን ቆዳ ጫማዬ ውስጥ ለክቼው ልክክ ብሏል።

መውደቄስ እውነት ነው። ጀልባው ተንሸራተተ፣ እኔም አብሬው ተንሸራተትኩ። ጀልባውን ግን እስካሁን ማንም ሐኪም ጋ እንውሰድህ አላለውም።

ነርሷ የነገረችሽን ሰምቻለሁ። ያልነገረችሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። አስጠርታኝ ሄድኩ። አኒሸን የክሊኒኩ አስተርጓሚ ስለሆነች በመካከላችን ተቀመጠች።

«ጫካ የሚሄዱት ለአደን ነው?» አለች ነርሷ።

«አይደለም። ለጥንቸልና ለቆቅ ወጥመድ እንይዛለን እንጂ ጠመንጃ እንኳ የለንም።»

«ለጸሎት ነው?»

«ጸሎትማ እዚህም ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አኒሸንን «በደንብ ጠይቂያት» አለቻት። አኒሸን ወደ እኔ ዞራ፣ «ፒናመን፣ በደንብ ተጠየቂ» አለችኝ። «በደንብ ደስ ስለሚለኝ በያት» አልኳት። ይህን ሰምታ ነርሷ ረጅም ነገር ጻፈች። አኒሸን በደህናው ዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ «ታካሚዋ ግራ መጋባት ይታይባቸዋል» ይላል አሉ። አየሽልኝ? ለሥጋ ብዬ ብሄድ ጤነኛ ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ስሄድ ነው ያበድኩት!

የአኒሸን ልጅ ፒየን ደግሞ «በበረዶ ሞተር በግማሽ ቀን አደርሳችኋለሁ፣ ምን አደከማችሁ» ብሎ ሲለማመጠን ከረመ። ልጁ ደግ ነው፤ እናቱን ይወዳል። ግን በሞተር የሄደ ሰው የሚያውቀው መነሻውንና መድረሻውን ነው። እኔ የምፈልገው መሃሉን ነው።

የምትልኪልኝ ነገር ቢኖር ሦስት ጥቅል ሰም የጠጣ የሸራ ክርና ወፍራም መርፌ ነው፤ ድንኳኑ ማዕዘኑ ላይ ሳስቷል። ሌላው፣ አሁን ስንት ኪሎ ነሽ? ሳትዋሺ ጻፊልኝ።

አክስትሽ፣
ፒናመን


ሞንትሪያል፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1983

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለመጪው የልደት በዓል እንኳን በደህና አደረሰዎ። ክሩንና መርፌውን ልኬያለሁ። የላክሁት ድንኳኑ እንዳይባክን ብዬ እንጂ ፈቅጄ አይደለም፤ ይህን ይወቁልኝ።

ኪሎዬን ምን ያደርጉታል? ፒየን በበጋ ሲያየኝ «ከተማው ተስማምቶሻል» ብሎኝ ነበር፤ እሱ ሳያወራልዎ አልቀረም። ወፍሬያለሁ፤ በቃ።

በቀልድ እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ። በረዶ የሚያውቀውን ሰው እንኳ አይምርም። አባቴ ከእርስዎ በላይ ያውቀው ነበር፣ የት እንደቀረም ያውቃሉ። እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ የበረዶ ጫማ እግሬ ላይ አላሰርኩም፤ ወደፊትም አላስርም። በበጋ እየመጣሁ ዓሣ አብሬዎት ብበላ ይበቃኛል።

በክረምት ያን አገር እንዲረሱልኝ አልጠይቅም። ዘንድሮ ብቻ ይቅርብዎ። ነርሷ ሌላም ነገር ጽፋልኝ ነበር፤ እሱን ሌላ ጊዜ አነሳዋለሁ።

ማቲነን


ከመንደራችን፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1984

ለማቲነን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ምርቃቱን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ያ «ሌላ ነገር» ምን እንደሆነ ደርሼበታለሁ። አስተርጓሚ ወዳጅ ያላት ሴት እንዲህ በቀላሉ አትታለልም። ነርሷ ወረቀት ልካልሻለች። በረዶው ሲቀልጥ እኔን ወደ ደቡብ፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ለመውሰድ የቅርብ ዘመድ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ልጅ ስለሌለኝ የቅርብ ዘመዴ አንቺ ነሽ። እንዲያ ያለ ወረቀት ከእጅሽ ገብቶ ሳለ ስለ ሱፍ ካልሲ ትጽፊልኛለሽ!

እኔ ቁጣዬን በሆዴ አልይዝም፤ ስለዚህ ስሚኝ። አንቺን በዘጠኝ ዓመትሽ ከእኛ ነጥቆ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የወሰደሽ ወረቀት ነው። እናትሽ ማንበብ አትችልም ነበርና የመስቀል ምልክት አድርጋ ፈረመች፤ ለአንድ ክረምት ነው ብለዋት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኸው አንቺን እስከ ዛሬ አልለቀቀሽም። እናትሽ ማንበብ አለመቻሏ ምክንያት ይሆንላታል። አንቺ ግን ታነቢያለሽ።

ያ ቤት ሞቃት ነው ይላሉ። ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል ይላሉ። ይምጣ! ጥርስ አለኝ፣ እጅ አለኝ፣ ጉልበቴ አንዱ ቄጤማ ቢሆን ሌላው ጉልበቴ አለ። አልሄድም። ብትፈርሚም አልሄድም፤ ባትፈርሚ ግን ዘመዴ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

ፌብሩዋሪ 10 ንጋት ላይ እንነሳለን። ዕቃ የምንጎትትባቸው ሳንቃዎች ተጠርገዋል፣ የቆርቆሮው ምድጃ ተጠግኗል፣ በላክሽው ክር የድንኳኑ ማዕዘን ተሰፍቷል። ስለ ክሩ አመሰግናለሁ። በክርሽ የሰፋሁት ግን ተናድጄ ነው።

ኪሎሽን አሁንም አልጻፍሽልኝም።

ፒናመን


ሞንትሪያል፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1984

ለአክስቴ ለፒናመን፣

ይህ ደብዳቤ ሳይነሱ እንደማይደርስዎ አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፋለሁ።

አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም። ከመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ማታ ማታ አወጣውና መልሼ አስገባዋለሁ። ቢቆጡኝ ይገባኛል። ግን ለምን እንደምፈራ አያውቁም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅምና።

አባቴ በጠፋበት ማርች ሁላችንም ረጅሙ ሐይቅ ዳር ነበርን። አንድ ምሽት ትልልቆቹ ሲጫወቱ ወጣሁና ከዛፉ ላይ የተሰቀሉትን የሁላችሁንም የበረዶ ጫማዎች አንድ በአንድ አወረድኩ። ብርድ ያገኛቸው መሰለኝ። ድንኳኑ ውስጥ አስገብቼ ከምድጃው ጎን ደረደርኳቸው፣ በብርድ ልብስም ሸፈንኳቸው። ጠዋት የያዘው በረዶ ቀልጦ የአባቴ ጫማ ጠፍር ረጥቦ ረግቦ፣ እንደ አሮጌ መረብ ተንጠልጥሎ ነበር። እሱ ሳቀ፤ «ልጄ ጫማዬን አስተኛችልኝ» አለ። እናቴ ግን «የላላ ጠፍር ሰው ይገድላል» ብላ ጮኸችብኝ። በሦስተኛው ቀን ወጥቶ አልተመለሰም።

አክስቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። በዚያ መኸር ወደ ትምህርት ቤት ሲወስዱኝ ቅጣቴ መስሎኝ ዝም ብዬ ሄድኩ። አሁን እርስዎም እዚያው ሐይቅ ላይ ከቀሩ እኔ ምን እሆናለሁ?

ማቲነን


ከረጅሙ ሐይቅ ዳር፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1984

ለማቲነን፣ ለሹሼፕ አንድያ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ መንገድሽ ይቅና፣ ልብሽ ይረፍ። ዛሬ ምርቃቱን አልቆጥብም። ደብዳቤሽን ፒየን ዱቄትና ሻይ ሊያመጣልን ሲመጣ ይዞት መጣ። ሞተሩን ከኮረብታው ማዶ አቁሞ በእግሩ ነው የገባው፤ አስተምረነዋል።

አንብቤ ወጣሁና ሐይቁ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። አኒሸን ከድንኳኑ አንገቷን አውጥታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንደ ተኩላ የምትዞሪው?» አለችኝ። ሃያ አራት ዓመት! ይህን ተሸክመሽ ሃያ አራት ዓመት ስትኖሪ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝ፣ እኔም አልጠየቅኩሽ። የአንቺ ጥፋት የለበትም። የእኔ ግን አለ፤ ትልቅ ሰው ነበርኩና።

አሁን በደንብ ስሚኝ። በዚያ ጠዋት አባትሽ ጫማውን ብርድ ላይ መልሶ ሰቀለው፤ ጠፍሩ ተመልሶ ተወጠረ። መሃሉ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ አልጠብቅ ስላለኝ እኔው ራሴ በአዲስ ጠፍር ቀየርኩለት፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በእነዚህ እጆቼ። እናትሽ የተናገረችው በንዴት ነው፤ ሰው በንዴት ስንቱን ይላል።

ሲጠፋ ዱካውን ተከትዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። የላላ ጠፍር በረዶ ላይ ሆድ ያለው፣ መሃሉ የጎደጎደ ዱካ ይተዋል፤ ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። የአባትሽ ዱካ እስከ መጨረሻው እርምጃ ጠፍጣፋ ነበር፤ የጠፍሩ ዓይን አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ወንዙ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አፍ ላይ፣ ግግር በረዶው ከሚሳሳበት ቦታ፣ ዙሪያውን መሄድ ታክቶት በአቋራጭ ገባና ሰመጠ። ግግሩን እየመታ የሚሞክርበት ዱላውስ? ከድንኳናችን ደጅ እንደተተከለ ነው ያገኘሁት። ረስቶት ሄደ። ወንድሜ ችኩል ነበር፤ ስወደው ኖሬያለሁ፣ ስለ ችኮላውም እስከ ዛሬ እቆጣዋለሁ። ቅሬታ ካለሽ እሱን አብረን እንጣላው። ያንቺ ጥፋት ጫማ ይበርደዋል ማለት ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ ልጄ።

አሁን ደግሞ ስለ መንገዳችን። አምስት ቀን ያልነው ሰባት ቀን ፈጀብን። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ሁለተኛው ላይ አኒሸን ልታነሳኝ መጥታ እሷም ወደቀች፣ ተኝተን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጉልበቴ ያመኛል፤ አልዋሽሽም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሐይቁን ስንሻገር ከበረዶው ሥር ውሃ አግኝቶን ጫማችን በግግር ከበደ፤ በዱላ እያራገፍን ስንሄድ ፀሐይ ልትጠልቅ ሆነ። ፈርቼ ነበር። ዳርቻው ላይ ደርሰን የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ አፉን ወደ ታች ጀርባውን ወደ ላይ አድርገን ወለሉን ስናነጥፍ፣ ምድጃው ጉም ጉም ማለት ሲጀምር፣ ያን ሽታ ስስበው... ማቲነን፣ ነርሷ ትጻፈው፤ እኔ ከዚህ የበለጠ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም።

ጠዋት ተነስቼ ማንም ያልረገጠው በረዶ ላይ የመጀመሪያውን እርምጃ ሳሳርፍ ሽርክት ይላል። ከዚያ ድምፅ በስተቀር ምንም የለም። ነጭ ቆቆች ከእግሬ ሥር ብር ይላሉ። ትናንት አኒሸን «ለምን መጣን?» አለችኝ። «ደስ ስለሚለን» አልኳት። «እሱንማ ነርሷም ታውቃለች፣ በተረፈ ለምን መጣን?» «በተረፈ ያንቺን ማንኮራፋት ድቦቹም ይስሙት ብዬ ነው።» ቂጣዬን ወረወረችብኝ፤ አንስቼ በላሁት።

ኪሎሽን ለምን እንደጠየቅኩሽ ልንገርሽ። የአባትሽን ሌላ የበረዶ ጫማ ቤቴ ውስጥ የእንጨት መስቀያ ላይ አስቀምጬው ኖሬያለሁ። እሱ ያጎበጠው በርች የሚባል እንጨት ነው፤ አሁንም አልተሰነጠቀም። ክረምቱን ሙሉ በአዲስ ጠፍር ስሠራው ከረምኩ፤ አፍንጫውና ጅራቱ አልቋል። የቀረው እግር የሚያርፍበት መሃሉ ነው። እዚያ ጠፍሩ ስንት ዙር እንደሚሄድ የሚነግረኝ የአንቺ ክብደት ነውና ሳትዋሺ ጻፊልኝ። አፍረሽ ብታጎድዪው በረዶው ያጋልጥሻል።

እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ እዚህ ነን። ከመጣሽ ፒየን እስከ ወንዙ መታጠፊያ በሞተር ያድርስሽ፤ እዚያ ጫማውን ይዤ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ሁለት ቀን በእግር ነው። የቆዳ ጫማም እሰፋልሻለሁ፤ የሁለቱንም እግርሽን ልክ ሰፊ ወረቀት ላይ ዙሪያውን አስምረሽ ላኪልኝ። የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። ስለዚያኛው ወረቀት ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

አክስትሽ፣
ፒናመን


ሞንትሪያል፣ ማርች 9 ቀን 1984

ለአክስቴ ለፒናመን፣

እንኳን ደረሱ፤ እንኳንም እምቢ አሉኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። አንዲት ሴትዮ «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ፤ «አዎ፣ ድሮ» አልኳት። መሀረብ ሰጠችኝ። ዱካው ጠፍጣፋ ነበር የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ሰባ አራት ኪሎ ነኝ። ከነጫማዬ አይደለም፣ አልዋሸሁም። ዙሩን እንደሚበቃ ያድርጉት።

አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅኩ። ቅጽ ሰጠችኝ፤ ምክንያት በሚለው ሥር ሕመም፣ ሐዘን፣ ሠርግ፣ ሌላ ይላል። «ሌላ» ላይ ምልክት አድርጌ «ደስ ስለሚለኝ» ብዬ ጻፍኩ። አየችው፤ እኔንም አየችኝ።

«ማቲነን፣ ይሄ ምክንያት አይደለም።»

«ሌላ የለኝም።»

«ሐዘን ብለሽ ሙዪው፣ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ።» አዝናልኝ ነው እንጂ ክፋት የላትም።

«በሐዘኑማ ሃያ አራት ዓመት ቀረሁ» አልኳት፤ «አሁን በደስታው ልሂድ።»

ያለ ደመወዝ ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። ማርች 19 በሚነሳው አውሮፕላን እመጣለሁ። ጉልበቴ እንደ ከተማ ሰው ነው፤ ከእርስዎና ከአኒሸን ኋላ ብቀር አይሳቁብኝ። ደግሞ ማታ የበረዶ ጫማዎቹን ዛፍ ላይ የምሰቅለው እኔ እሆናለሁ፤ ይህን ለማንም አልሰጥም።

የእግሬን ልክ ከዚህ ጋር ያገኙታል። ሰፊ ወረቀት ስፈልግ ቤቴ ውስጥ የነበረው የነርሷ ብቻ ነው፤ ጀርባው ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ አንጥፌ ቆምኩበትና በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። ቀኙ ከግራው ትንሽ ይሰፋል። ልኬን ሲወስዱ ፊት ለፊቱን፣ በነርሷ ቋንቋ ስለተጻፈ፣ አኒሸን ታንብብልዎት፤ የፊርማው መስመር ባዶ ነው። ነርሷ የዘመድ ፊርማ የት አለ ካለችዎት ገልብጠው ያሳዩዋት።

የወንድምዎ ልጅ፣
ማቲነን